«የኮከቡን ፕሮግራም ሸምድደው» የሚለው ምክርና እውነታው

በዲላና በጎረቤቷ በጪጩ ፕሮግራም መጻፍ ለሚጀምሩ ወጣቶች፣ እንደ ሌላው ዓለም ሁሉ፣ አስቀድመው ከሚሰጡት መልመጃዎች አንዱ፣ በሉፕ (ትእዛዝን ደጋግሞ በሚያስፈጽም የፕሮግራም ክፍል) አማካይነት አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ የሚበዙ ኮከቦችን በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ማተም ነው። ስለዚህ መልመጃ ከሚነገረው ሁሉ ይልቅ ጎጂው፣ ከነባር ተማሪዎች ወደ አዲሶቹ የሚተላለፈው፣ «ፕሮግራሙን እንዳለ በቃልህ ያዘው፤ ፈተና ላይ ያው ይመጣል» የሚለው ምክር ነው።

ምክሩ ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም፤ የሉፕ አጻጻፍ ሥርዓት ከነቅንፉ በቃል መያዝ አለበት፣ በቤተ ክህነት ትምህርትም ዳዊት ሳይደግም ወደ ላይኛው ጉባኤ የተሻገረ ደቀ መዝሙርም ጥቂት ነው። ነገር ግን ያው ደቀ መዝሙር ቅኔ ቤት በገባ ጊዜ፣ መምህሩ የሚጠይቁት የትናንቱን ቅኔ ሳይሆን፣ ሕጉን ጠብቆ ዛሬ ራሱ የቆጠረውን ነው። ሸምድዶ የገባ ተማሪ ቅርጹን ገልብጦ እንዲያትም በታዘዘ ጊዜ እጁ ይታሰራል፤ ብዙዎችም «ለዚህ ሙያ አእምሮ አልተሰጠኝም» ብለው ትምህርቱን ሲተዉ አይቻለሁ። ይህ እየታየ መልሱን በወረቀት አባዝተው የሚሸጡትን ልታገሣቸው አልችልም።

እውነታው ይህ ነው፦ ውጭኛው ሉፕ መስመሩን ይቆጥራል፣ ውስጠኛው በዚያ መስመር ላይ የሚታተሙትን ኮከቦች ይቆጥራል፤ የተማሪው ድርሻ የመስመሩን ቁጥርና የኮከቡን ብዛት የሚያስተሳስረውን ሕግ መመርመር ነው። አምስት መስመር ባለው ቅርጽ የኮከቡ ብዛት ከመስመሩ ቁጥር ጋር እኩል ነው፤ ሲገለበጥ ከ6 ላይ የመስመሩ ቁጥር ይቀነሳል፤ ኮከቦቹ ወደ መካከል እንዲሰበሰቡ ሲፈለግ ደግሞ የመስመሩ ቁጥር በ2 ተባዝቶ 1 ይቀነስለታል፣ በፊቱም ከ5 ላይ የመስመሩ ቁጥር ተቀንሶ የሚቀረውን ያህል ባዶ ቦታ ይቀድማል።

ከዚህ በላይ ረቂቅ ሒሳብ ያሻል የሚሉ ተሳስተዋል። ለሥራ አይጠቅምም ለሚሉትም፣ በመስመርና በዓምድ የሚሰለፍ የደመወዝ መዝገብ በዚሁ ሥርዓት እንደሚታተም መንገር ይበቃል።

ሉፕ ለላቲን ፊደል ብቻ ነው ማለትም ከንቱ ነው። ፊደላችን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ለፊደላት ቁጥር ወደሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት፣ ወደ ዩኒኮድ፣ ገብቷል፤ ሀ 4608፣ ለ 4616፣ ሐ 4624 ቁጥር ይዘው፣ እያንዳንዱ ቤት በ8 ይራራቃል። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ውጭኛው ሉፕ 8 እየጨመረ፣ ውስጠኛው ከ0 እስከ 6 እየደመረ፣ ከሀ እስከ ሰ ያለውን ገበታ የሚያትም ፕሮግራም የማንንም ወረቀት ሳትመለከት ጻፍ።