«የሀብት ደሴት» ከመጽሐፍ ወደ ካርቱን ፊልም

ተረት እየሰማን ያደግን ሁሉ እንስሳ ሲናገር አይደንቀንም። ጅብ ሆዳም፣ ጦጣ ብልጥ፣ አህያ የዋህ መሆናቸውን ተረት ነጋሪው ሳያብራራ እናውቀዋለን፤ የእንስሳው ስም ሲጠራ ጠባዩም አብሮ ይጠራልና። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ የፈለግሁት፣ ይህ የተረት ዘዴ አንድ ዝነኛ የልጆች መጽሐፍ ፊልም በሆነ ጊዜ ምን እንደ ጨመረለትና ምን እንደ ቀነሰበት ነው።

መጽሐፉ ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን የተባለው የስኮትላንድ ደራሲ የጻፈው «የሀብት ደሴት» ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ደራሲው በ1881 ብሬማር በተባለ የስኮትላንድ መንደር ሳለ፣ 13 ዓመት ከሆነው የእንጀራ ልጁ ጋራ የአንዲት ደሴት ካርታ ሣለ። ታሪኩም ከዚያ ካርታ ተወለደ። በመጀመሪያ በልጆች ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ በተከታታይ ወጣ፤ በ1883 ደግሞ መጽሐፍ ሆነ።

ጂም ሆኪንስ የተባለ ልጅ፣ በወላጆቹ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ከሞተ አንድ ሽማግሌ መርከበኛ ሣጥን ውስጥ የተቀበረ ሀብት ካርታ ያገኛል። ካርታውን የተመለከቱት ትልልቅ ሰዎች መርከብ ገዝተው ሲነሡ፣ ባለ አንድ እግሩ ጆን ሲልቨር የመርከቡ ወጥ ቤት ሆኖ ይቀጠራል። ሲልቨር ደስተኛና አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው፤ ጂምንም እንደ ልጁ ያጫውተዋል። ነገር ግን ጂም አንድ ቀን ፖም ሊያወጣ በርሜል ውስጥ ገብቶ ሳለ፣ ይህ ወዳጁ የባሕር ወንበዴዎች መሪ መሆኑንና ሰዎቹን ለመግደል ማሤሩን በጆሮው ይሰማል።

እንግዲህ የመጽሐፉ ምሥጢር ያለው በዚህ ሰው ላይ ነው። ሲልቨር አልከተልህም ያለውን መርከበኛ በምርኩዙ መትቶ ከጣለው በኋላ በቢላዋ ይገድለዋል። ያው ሲልቨር ሌሎቹ ወንበዴዎች ጂምን ሊገድሉት ሲነሡ በመካከል ቆሞ ያድነዋል። ይህን ያደረገው ለልጁ አዝኖ ነውን? ወይስ ነገ ጂም መስክሮ ከስቅላት እንዲያስጥለው አስቦ? ደራሲው አይፈርድልንም። በመጨረሻም ሲልቨር አንድ ከረጢት ገንዘብ ይዞ ያመልጣል። ስቲቨንሰን ይህን ሰው የፈጠረው ወዳጁን ባለቅኔውን ዊልያም ኧርነስት ሄንሊን በመመልከት ነበር፤ ሄንሊ በሕመም ምክንያት አንድ እግሩን ያጣ፣ ነገር ግን መንፈሱ ያልተሸነፈ ሰው ነበርና።

ወደ ፊልሙ እንለፍ። በ1971 ቶኤይ የተባለው የጃፓን የፊልም ድርጅት «የእንስሳት ሀብት ደሴት» የሚል የ78 ደቂቃ ካርቱን ፊልም አወጣ። አዘጋጁ ሂሮሺ ኢኬዳ ነው። ለታሪኩ ሐሳብ ካዋጡትና ከሣሉት መካከል አንዱ በዚያን ጊዜ ወጣት የነበረው ሃያኦ ሚያዛኪ ነው። ሚያዛኪ በኋላ በ1985 ከባልደረቦቹ ጋራ ስቱዲዮ ጂብሊን መሠረተ፤ በ2003ም «ስፒሪትድ አዌይ» በተባለው ፊልሙ የኦስካር ሽልማት አገኘ።

የሥራውን ብዛት ለመገመት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ፊልም በአንድ ሴኮንድ 24 ምስል ያሳያል። 78 ደቂቃ 4,680 ሴኮንድ ነው፤ ስለዚህ 112,320 ምስል ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ጊዜ ቢነሣ እንኳ 56,160 ይሆናል። በዚያን ዘመን ሥዕሉ በወረቀት ላይ በእጅ ይሣል ነበር። ከዚያ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ላይ ይገለበጣል፤ ቀለም ይቀባል፤ በኋላም በመልክዓ ምድሩ ሥዕል ላይ ተደርቦ በካሜራ ይነሣል።

በፊልሙ ጂም ሰው ነው፤ ወንበዴዎቹ ግን እንስሳት ናቸው፤ አለቃቸው ሲልቨርም ዐሣማ ነው። የዚህ ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል። መጽሐፉ 34 ምዕራፍ ስላለው ሰውን ቀስ በቀስ ለማሳወቅ ጊዜ አለው፤ ፊልሙ ግን ከአንድ ሰዓት ከሩብ ጥቂት ቢበልጥ ነው። ሆዱ የገፋ ዐሣማ የካፒቴን ልብስ ለብሶ ብቅ ሲል፣ ተመልካቹ ስግብግብ መሆኑን ያለ ማብራሪያ ያውቃል። ደግሞም በመጽሐፉ የሚያስፈራው ግድያ፣ በእንስሳ መልክ ሲሆን ለሕፃናት ሣቅ ይሆናል። ሌላም ጥቅም አለ። በመጽሐፉ ከጂም እናት በቀር ሴት የምትታወቅበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል፤ ፊልሙ ግን ካቲ የምትባል፣ የዝነኛው ወንበዴ የፍሊንት የልጅ ልጅ የሆነች ደፋር ልጃገረድ ጨምሯል። ይህን እኅቶቻችን ሳይወዱት አይቀሩም።

ይሁን እንጂ ታናሽ ወንድሜ ፊልሙን አይቶ «እንግዲህ መጽሐፉን ማንበብ አያስፈልገኝም» ባለኝ ጊዜ አልተስማማሁም። ዐሣማው ሲልቨር ከመጀመሪያ ብቅታው ጀምሮ ወንበዴ መሆኑ ይታወቃል፤ ማንንም አያታልልም። የመጽሐፉ ሲልቨር ግን ጂምን ብቻ ሳይሆን እኛንም አንባቢዎቹን ያታልላል። በበርሜሉ ውስጥ ከጂም ጋራ የምንደነግጠው አስቀድመን ስለ ወደድነው ነው። አስቀድሞ ያልተወደደ ሰው ሊከዳን አይችልምና።

ደግሞም የእንስሳ ምልክት በሁሉም አገር አንድ አይደለም። በእኛ አገር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በብዛት የዐሣማ ሥጋ ስለማይበላ፣ ያን ሲልቨር የምናየው ከጃፓን ልጆች በበለጠ ጥላቻ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ያው ሚያዛኪ በ1992 «ፖርኮ ሮሶ» በተባለው ፊልሙ ዐሣማን ጀግና አውሮፕላን ነጂ አድርጎታል። ስለዚህ ጠባዩ ያለው በእንስሳው ሳይሆን በሣዩ እጅ መሆኑን እንረዳለን።

በተረት ጅብ ሁልጊዜ ጅብ ነው። በኑሮ ግን የሚያታልለን ሰው የጅብ መልክ ይዞ አይመጣም፤ ደግ ቃል እየተናገረ፣ አንዳንድ ጊዜም በእውነት ደግ ሥራ እየሠራ ይመጣል። ትምህርታችንን ጨርሰን ወደ ሥራና ወደ ሌላ ከተማ ለምንሄድ ለእኛ፣ ይህን ማወቅ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፤ ፊልሙን ለታናናሾቻችን አሳዩአቸው፤ የብዙ እጆች ድካም ያለበት መልካም ሥራ ነው። ዕድሜያቸው 12 ወይም 13 ሲሞላ ግን መጽሐፉን ስጧቸው፤ ስለ በርሜሉም አስቀድማችሁ አትንገሯቸው።