የፍላሚንጎ ቀለም ከየት ይመጣል? ኃይል በምግብ ሰንሰለት ውስጥ የሚያደርገው ጉዞ

ከአቡ ዳቢ ከተማ በስተደቡብ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የአል ዋትባ ረግረጋማ ጥብቅ ስፍራ፣ ሙቀቱ በሚበርድባቸው ወራት በርካታ ፍላሚንጎዎችን ያስተናግዳል። ወፎቹ በዚያ ጎጆ ሠርተው ጫጩት መፈልፈላቸው ከታወቀ በኋላ፣ ስፍራው እ.ኤ.አ. በ1998 በሼክ ዛይድ ቢን ሱልጣን አል ናህያን ትእዛዝ ጥበቃ ተደረገለት። የሐይቁ ውሃ በአመዛኙ ተጣርቶ የተለቀቀ የከተማ ፍሳሽ መሆኑን ብዙ ጎብኚ አይገምትም።

የፍላሚንጎ ጫጩት ሲወለድ ግራጫ ነው። ወፉን በኋላ ሮዝ የሚያደርገውን ቀለም ገላው ራሱ አያመርተውም። ቀለሙን የሚሠሩት በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ፣ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ናቸው። አልጌዎቹን አርቴሚያ የተባለች፣ በጣም ጨዋማ በሆነ ውሃ የምትኖርና አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ የምትረዝም የሽሪምፕ ዘመድ ትመገባለች፤ ፍላሚንጎው ደግሞ አርቴሚያን በመንቆሩ እያጠለለ ይበላል። ስለዚህ የወፉ ላባ የምግብ ሰንሰለትን ጉዞ በግልጽ ያሳያል።

በዚሁ መንገድ ኃይልም ይጓዛል። የጉዞው መነሻ ፀሐይ ናት። አልጌዎችና ዕፅዋት ከሚያርፍባቸው ብርሃን ጥቂቱን፣ ብዙውን ጊዜ ከመቶ አንድ ያህሉን፣ ይዘው ወደ ምግብነት ይለውጡታል። ሌላው ፍጡር ሁሉ የሚኖረው ከዚህ ጥቂት ድርሻ ተካፍሎ ነው። የኃይሉ ጉዞ ግን ከቀለሙ በአንድ ነገር ይለያል፦ ቀለሙ በላባ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ኃይሉ ግን በየደረጃው ይባክናል።

ይህንን ኪሳራ በአሃዝ ለማስላት ከሞከሩት ቀደምት ሳይንቲስቶች አንዱ፣ በሚኒሶታ የሚገኝን አንድ ትንሽ ሐይቅ ያጠናው አሜሪካዊው ሬይመንድ ሊንደማን ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1942 ታተመ፤ እርሱ ግን በዚያው ዓመት፣ ገና በ26 ዓመቱ፣ ሕይወቱ አለፈ። ከዚያ ወዲህ በተለምዶ የሚጠቀሰው ስሌት ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ የሚሻገረው ኃይል በአማካይ ከመቶ አሥር ያህል መሆኑን ያመለክታል፤ እንደየቦታው ከዚያ ሊያንስም ሊበልጥም ይችላል። በዚህ ስሌት 10,000 ካሎሪ የያዘ አልጌ በአርቴሚያ ገላ ውስጥ 1,000፣ በፍላሚንጎው ዘንድ 100 ካሎሪ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የቀረው የት ሄደ? ከፊሉ ሳይበላ ይሞታል፤ ከፊሉ ሳይፈጭ ይወጣል። ትልቁ ድርሻ ግን ፍጡሩ ሲንቀሳቀስና ሲተነፍስ ሙቀት ሆኖ ይበተናል። ሰው የበላው እንጀራ ሁሉ ሥጋ እንደማይሆነው ማለት ነው። የተበተነውን ሙቀት መልሶ ምግብ ማድረግ የሚችል ፍጡር የለም። ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ግን ይመለሳሉ፤ ባክቴሪያዎች የሞተውን አብስብሰው ለአልጌዎች ያቀርቡላቸዋል። ንጥረ ነገር ይዞራል፤ ኃይል ግን አልፎ ይሄዳል፣ በየቀኑም ከፀሐይ እንደ አዲስ መምጣት አለበት።

ሰንሰለቱ ባጠረ ቁጥር ከላይ ያለው ተመጋቢ በብዛት ሊኖር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በአል ዋትባ ለሰንሰለቱ ማጠር ዋናው ምክንያት ጨው ነው፦ ጨዋማው ውሃ አርቴሚያን የሚሻሙ ዓሦችን ያርቃል። በባሕረ ሰላጤው ገበያ በውድ ዋጋ የሚሸጠው ሃሙር ግን ትናንሽ ዓሦችንና ሸርጣኖችን የሚያድን፣ በረጅም ሰንሰለት ጫፍ የሚገኝ ዓሣ ነው። ከመነሻው ጀምሮ ቁጥሩ ውስን በመሆኑ፣ ከልክ ያለፈ አጥመድ በፍጥነት ይጎዳዋል።

ሁለቱም ዓይነት ሰንሰለቶች በአንድ ሐይቅ ጎን ለጎን የታዩበት ቦታ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የሚገኘው አብያታ ነው። በአንድ በኩል ትንሹ የፍላሚንጎ ዝርያ ስፒሩሊና የተባለውን አልጌ በቀጥታ ይመገብ ነበር። በሌላ በኩል አልጌውን ቆሮሶ፣ ቆሮሶውን ደግሞ ከመንቆሩ ሥር ከረጢት ያለው ፔሊካን ይበላ ነበር። ፔሊካኖቹ ጎጆአቸውን የሚሠሩት በአጎራባቹ የሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ነበር። ሻላ ጥልቅ ቢሆንም ዓሣው ጥቂት በመሆኑ፣ ለጫጩቶቻቸው ምግብ ፍለጋ በየዕለቱ ወደ አብያታ ይበሩ ነበር።

ከዝዋይ ሐይቅና ከገባር ወንዞቹ ለመስኖ የሚቀዳው ውሃ ሲበዛ፣ ከአብያታም ለሶዳ አሽ ማምረቻ ውሃ ሲሳብ፣ ሐይቁ ሸሸ፤ ጨዋማነቱም ጨመረ። ቆሮሶ ያንን ውሃ መቋቋም አልቻለም። ከአልጌው በቀጥታ የሚመገበው ፍላሚንጎ ሐይቁን ወዲያው አልተለየውም፤ ፔሊካኖቹ ግን የሻላ ደሴት እንዳለች ሆና ሳለ፣ የሚያድኑት ዓሣ በማለቁ መራቢያቸውን እየተዉ ሄዱ። በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አብያታ የሚደርሰው ውሃ በበቂ መጠን ካልጨመረ፣ ቆሮሶ ዳግም የሚራባበት ሐይቅ አይኖርም።