የተማሪዎች መኝታ ሕንፃ፡ ንድፉ ከጅግጅጋ ደወሌ ሲሄድ ስሌቱ ለምን ይታደሳል?

የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ በተመሳሳይ ወቅት በልዩ ልዩ የአገሪቱ አካባቢዎች ከተቋቋሙት 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሲሆን፣ በ1999 ዓ.ም ሥራውን ሲጀምር ለሶማሌ ክልል የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ተማሪዎች ከየክልሉ ተመድበው ወደነዚህ ተቋማት ስለሚመጡ፣ ያለ መኝታ ሕንፃ ትምህርት መጀመር የማይታሰብ ነበር።

ብዙ ሕንፃ በአጭር ጊዜ ለማድረስ የተመረጠው መንገድ የግንባታ ክፍሎችን አንድ ወጥ ማድረግ ነው። ትምህርት ሚኒስቴር ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ጋር ባካሄደው የዩኒቨርሲቲዎች አቅም ግንባታ ፕሮግራምም ይኸው አሠራር ጊዜና ወጪ ለመቆጠብ አገልግሏል። አሠራሩ ጠቃሚ ነው። ይሁንና ከዚሁ ጋር አብሮ የሚመጣ አንድ ስሕተት አለ። እርሱም ሥዕሉ ከቦታ ወደ ቦታ ሲሄድ ስሌቱም አብሮ ይሄዳል ብሎ ማሰብ ነው። የክፍሎች አደረጃጀት፣ የደረጃውና የመታጠቢያ ቤቱ አቀማመጥ ሊገለበጥ ይችላል። የመሠረቱ ስፋት፣ የኮለኑ ውፍረትና የፌሮው መጠን ግን ለእያንዳንዱ ቦታ እንደ አዲስ መሰላት አለባቸው።

ሸክሙ ከጣሪያ እስከ መሬት

የሕንፃ ንድፍ ትንተና ሸክም ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ መከተል ማለት ነው። በክፍሉ ውስጥ ያለው ተማሪ፣ አልጋውና ቁም ሣጥኑ ሶሌታውን ይጫናሉ። ሶሌታው ሸክሙን ለቢሙ፣ ቢሙ ለኮለኑ፣ ኮለኑ ለመሠረቱ ያቀብላል። መሠረቱም መሬት ላይ ያሳርፈዋል። ከነዚህ አንዱ ከደከመ የሌሎቹ ጥንካሬ ብቻውን ሕንፃውን አያድነውም።

ሸክሙ በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው ቋሚ ሸክም ሲሆን፣ የሕንፃው የራሱ ክብደት ነው። 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የአርማታ ሶሌታ በካሬ ሜትር 375 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የወለል ንጣፉ፣ ልስኑና የብሎኬት ግድግዳው ሲጨመሩበት 550 ኪሎ ግራም ገደማ ይደርሳል። ሁለተኛው ተንቀሳቃሽ ሸክም ሲሆን፣ ሰዎችንና ዕቃዎችን ያጠቃልላል። የአገሪቱ የሕንፃ ደረጃ ለመኖሪያና ለመኝታ ክፍል ወለል በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ግራም ያህል ይወስናል። ለደረጃና ለበረንዳ የሚታሰበው ከዚህ ከፍ ያለ ነው።

ከዚህ በኋላ ለጥንቃቄ የሚሆን ማባዣ ይታከላል። ከአውሮፓ ደረጃ ጋር ተጣጥሞ እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የኢትዮጵያ ደረጃ መሠረት ቋሚው ሸክም በ1.35፣ ተንቀሳቃሹ በ1.5 ይባዛል። በዚህም አንድ ካሬ ሜትር ወለል ከ1,000 ኪሎ ግራም በላይ እንዲሸከም ተደርጎ ይነደፋል። አንድ የመሐል ኮለን ከየወለሉ 20 ካሬ ሜትር ያህል ሸክም የሚሰበስብ ከሆነ፣ ባለ ሦስት ፎቅ በሆነ ሕንፃ ጣሪያውን ጨምሮ ከአራት ሶሌታዎች 80 ቶን ገደማ የንድፍ ሸክም ይደርስበታል ማለት ነው።

አንድ ክፍል ስንት ይሸከማል?

የተማሪው ቁጥር ከዕቅዱ በላይ ሲሆን ወለሉ አይችልም የሚል ስጋት አልፎ አልፎ ይሰማል። ሂሳቡ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። 20 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ክፍል ውስጥ ስምንት ተማሪዎች ከተደራራቢ አልጋቸውና ከዕቃቸው ጋር ቢገቡ፣ ጠቅላላ ክብደታቸው ወደ 1,250 ኪሎ ግራም ይጠጋል። ይህም በካሬ ሜትር 63 ኪሎ ግራም አይሞላም። መጨናነቁ ለጤናና በአደጋ ጊዜ ለመውጫ ችግር ይፈጥራል እንጂ፣ በትክክል የተሠራ ሶሌታን አይሰብርም።

አሳሳቢው የአገልግሎት ለውጥ ነው። የመኝታ ክፍል ወደ መዝገብ ቤት ወይም ወደ መጻሕፍት ማከማቻ ሲለወጥ፣ የሸክሙ መለኪያ በካሬ ሜትር ከ200 ወደ 750 ኪሎ ግራም ከፍ ይላል። ወረቀት ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። የውኃ ሮቶም እንዲሁ ነው። 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ውኃው ብቻ 10 ቶን ይመዝናል። የሚያርፍበት ቦታ ደግሞ ጥቂት ካሬ ሜትር ብቻ ነው። የውኃ እጥረት ባለባቸው ከተሞች በነባር ሕንፃ ጣሪያ ላይ ተጨማሪ ሮቶ ማስቀመጥ የተለመደ በመሆኑ፣ ውሳኔው መሐንዲስ ሳያየው ባይተላለፍ ይመረጣል።

መሠረቱ የሚያርፍበት መሬት

የጅግጅጋ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሰፊ ሜዳ የተቆረቆረች ናት። በሜዳው ውስጥ በዝናብ ወቅት የሚያብጥ፣ በበጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር በከፊል ይገኛል። እንዲህ ያለው አፈር በቂ ጥልቀት ሳይቆፈርና ሳይነሣ መሠረት ቢጣልበት ወለሉን ያነሣል፤ ግድግዳውንም ይሰነጥቃል።

ደወሌ በአንጻሩ በሲቲ ዞን ከጅቡቲ ጋር በሚዋሰነው ሞቃታማ ቆላ የምትገኝ፣ የባቡር መስመሩ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባባት ከተማ ናት። በ2009 ዓ.ም የተመረቀው የአዲስ አበባ - ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በዚያው ያልፋል። አንድ መሥሪያ ቤት ለጅግጅጋ የተሠራ የመኝታ ሕንፃ ንድፍ ወስዶ በደወሌ ለሚያቋቁመው የማሠልጠኛ ተቋም ሊጠቀምበት ቢፈልግ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ መሬቱን የሚመለከት ይሆናል።

ከላይ የተጠቀሰው ኮለን ያለ ማባዣ ሲታሰብ ወደ 60 ቶን የሚጠጋ ሸክም ያወርዳል። መሬቱ በካሬ ሜትር 20 ቶን የሚችል ከሆነ የ3 ካሬ ሜትር መሠረት ይበቃዋል። መሬቱ 10 ቶን ብቻ የሚችል ከሆነ ግን 6 ካሬ ሜትር ያስፈልገዋል። ሥዕሉ ሳይለወጥ ከጠንካራው መሬት ወደ ደካማው ቢወሰድ፣ ሕንፃው ከሚያስፈልገው መሠረት ግማሹን ብቻ ይዞ ይቆማል። በመሆኑም በዚያው ቦታ የተደረገ የአፈር ምርመራ ሳይኖር የመሠረት ንድፍ ሊጸድቅ አይገባም።

ሙቀቱም በአርማታው ላይ ለውጥ ያመጣል። በቆላ አካባቢ ውኃ ከአርማታው ቶሎ ስለሚተን ሠራተኞች ለማለስለስ ሲሉ ውኃ ይጨምራሉ። የሚጨመረው ውኃ ግን ጥንካሬውን ይቀንሳል። የአርማታ ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን እንደመሆኑ፣ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ያለማቋረጥ ውኃ ማጠጣትና መሸፈን ያስፈልጋል። የማለዳና የምሽት የሙሌት ሰዓትም በሥራ ውሉ ውስጥ ቢካተት ጠቀሜታው የጎላ ነው።

መሬት ሲናወጥ

ደወሌ ከጅግጅጋ ይልቅ ለአፋር ዝቅተኛ ሥፍራ ትቀርባለች። ይህ አካባቢ የመሬት ቅርፊቶች እርስ በርስ የሚላቀቁበት ነው። በ1961 ዓ.ም የሰርዶ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች። በነሐሴ 1981 ዓ.ም ዶቢ በተባለው የአፋር ሸለቆ ተከታታይ መንቀጥቀጥ ደርሷል። በ2017 ዓ.ም ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ለወራት የቆየ መንቀጥቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከመኖሪያቸው አፈናቅሏል። ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

የመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃን ወደ ጎን ይገፋል። የግፊቱ መጠን በሕንፃው ክብደትና በመሬቱ የመናወጥ ፍጥነት ይወሰናል። 2,400 ቶን የሚመዝን የመኝታ ሕንፃ የክብደቱ 5 በመቶ ያህል ወደ ጎን ቢገፋ 120 ቶን ይሆናል። የመናወጡ መጠን በእጥፍ ወደሚበልጥበት ቀጠና ሲሄድ ያው ሕንፃ 240 ቶን መቋቋም ይኖርበታል። የሥዕሉ መልክ አንድ ቢሆንም የኮለኑ ሥራ እጥፍ ይሆናል ማለት ነው።

ነባር ሕንፃዎችን በሚመለከት ሌላ ነጥብ አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው ደረጃ የንድፉን መሠረት ያደረገው በ100 ዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል ተብሎ በሚገመት መንቀጥቀጥ ላይ ሲሆን፣ ለከፍተኛው ቀጠና የተቀመጠው መጠን የመሬት ስበት ፍጥነት 10 በመቶ ነበር። እ.ኤ.አ. የ2015ቱ ደረጃ ጊዜውን ወደ 475 ዓመት፣ ከፍተኛውን መጠን ወደ 20 በመቶ አሳድጎታል። ስለዚህ በቀድሞው ደረጃ የተሰላ ንድፍ ዛሬ እንዳለ ተገልብጦ ሲሠራበት የቦታው ብቻ ሳይሆን የደረጃውም ልዩነት ይዘነጋል።

መኝታ ሕንፃን ከሌላው የሚለየው ነዋሪዎቹ በሌሊት በአንድነት የሚተኙበት መሆኑ ነው። በሚያዝያ 1995 ዓ.ም በቱርክ ቢንጎል አካባቢ መሬት የተናወጠው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነበር። በዚያ ሌሊት የአንድ አዳሪ ትምህርት ቤት መኝታ ሕንፃ ፈርሶ ከ80 በላይ ሕፃናት ሞተዋል።

ንድፉ ለዚህ የሚሰጠው መልስ በዋናነት ሁለት ነው። አንደኛው ኮለኑ ከቢሙ እንዲጠነክር ማድረግ ነው። በ2015ቱ ደረጃ በአንድ መጋጠሚያ ላይ ያሉት ኮለኖች አቅም ከቢሞቹ አቅም ቢያንስ በ30 በመቶ መብለጥ አለበት። ቢም ቢጎዳ ወለሉ ሊቆይ ይችላል፤ ኮለን ከተሰበረ ግን ከላይ ያለው ሁሉ ይወርዳል። ሁለተኛው ስታፋ ነው። በኮለኑ ግርጌና አናት ስታፋዎቹ ተቀራርበው ይታሠራሉ፤ ጫፎቻቸውም ወደ አርማታው ውስጥ ይታጠፋሉ። 30 በ30 በሆነ ኮለን ላይ ባለ 16 ፌሮ ሲታሠር ርቀታቸው 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ሥራ አርማታው ከተሞላ በኋላ ስለማይታይ፣ ሊመረመር የሚችለው ካሳፎርማው ከመዘጋቱ በፊት ብቻ ነው።

የመሬቱን ፎቅ ግድግዳ አፍርሶ አዳራሽ ወይም ካፍቴሪያ ማድረግም አደጋ አለው። ከላይ በብሎኬት የተሞሉ ወለሎች ባሉበት ከታች ባዶ ኮለን ብቻ ሲቀር፣ ጠቅላላው መናወጥ በዚያ አንድ ወለል ላይ ያርፋል።

የአሠሪው መሥሪያ ቤት ድርሻ

በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ የሕዝብ መገልገያና የተቋም ሕንፃዎችን ከፍተኛ የባለሙያ ኃላፊነት በሚጠይቀው ምድብ «ሐ» ውስጥ አስቀምጧል። ይሁን እንጂ ስሌቱን የሚሠራው አማካሪ፣ ሕንፃውን የሚያቆመው ተቋራጭ ቢሆንም፣ ብዙዎቹ ወሳኝ ነጥቦች የሚያልፉት በአሠሪው መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ነው። ነባር ንድፍ ይወሰድ ወይስ አይወሰድ፣ ለአፈር ምርመራ በጀት ይያዝ ወይስ አይያዝ፣ ፎቅ ይጨመር ወይስ ይቅር የሚለውን የሚወስነው ኃላፊው ነው።

ኃላፊው ስሌቱን ራሱ መሥራት አይጠበቅበትም። የሚጠበቅበት ጥቂት ሰነዶች ተሟልተው ሳይቀርቡለት አለመፈረም ነው። እነዚህም የዚያው ቦታ የአፈር ምርመራ ውጤት፣ ስሌቱ በየትኛው ደረጃና በየትኛው የመሬት መንቀጥቀጥ ቀጠና እንደተሠራ የሚገልጽ የተፈረመ ሪፖርት፣ ለየክፍሉ የታሰበው ሸክም ዝርዝር፣ እንዲሁም ከአርማታ ሙሌት በፊት የተደረገ የፌሮ ምርመራ መዝገብ ናቸው። የሸክሙ ዝርዝር ሕንፃው ከተረከበ በኋላም በአስተዳደሩ እጅ ቢቆይ፣ ከዓመታት በኋላ ክፍሉን ወደ መዝገብ ቤት ለመለወጥ ወይም ጣሪያው ላይ ሮቶ ለመጨመር የሚያስብ ሌላ ኃላፊ መልሱን ከዚያው ያገኛል።

የአፈር ምርመራና የስሌት እድሳት ወጪ ከጠቅላላው የግንባታ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ነው። የቆመ ሕንፃ መሠረት ማስፋት ወይም ኮለን ማጠናከር ግን ብዙ እጥፍ ይጠይቃል፤ ተማሪዎቹንም ከመኝታቸው ያስነሣል። ለጅግጅጋ የተሰላው በደወሌ እንደገና ይሰላ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።