ለሟች ዘፋኝ ክብር የሚቀረጹ ሸክላዎች

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። ይሁን እንጂ ስም የሚያነሣው ሰው ካላገኘ ይረሳል። የዘፋኝን ስም ከመረሳት ከሚያድኑት ነገሮች አንዱ ሌሎች ዘፋኞች ለክብሩ የሚያስቀርጹት ሸክላ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመታሰቢያ ሸክላ ስንት ዓይነት እንደሆነና ምን ጥቅም እንደሚሰጥ በአሜሪካዊው የካንትሪ ዘፋኝ በጂሚ ሮጀርስ ታሪክ ማስረዳት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጂሚ ሮጀርስ በ1897 ተወለደ። አገሩ በአሜሪካ ደቡብ የሚገኘው ሚሲሲፒ ነው። በወጣትነቱ በምድር ባቡር ውስጥ ውሃ አቀባይ፣ ኋላም ፍሬን ያዥ ሆኖ ሠራ። በሐዲዱ ላይ ከሚሠሩት ጥቁር ሠራተኞችም ብሉዝ የተባለውን ዜማ እየሰማ ተማረ። በ1924 የሳምባ ነቀርሳ እንደ ያዘው ታወቀ። ከዚያ ወዲያ ከባድ ሥራ ለመሥራት ዐቅም ስላነሰው ኑሮውን በዘፈን ላይ መሠረተ። በ1927 በብሪስቶል ከተማ ለቪክተር ኩባንያ የመጀመሪያ ዘፈኖቹን አስቀረጸ። የሚታወቅበትም ሙያ ዮድል ይባላል፤ ይኸውም ድምፅን ከወፍራም ወደ ቀጭን በድንገት እየሰበሩ ማዜም ነው። ስድስት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ዘፈኖችን አስቀረጸ። በግንቦት 1933 ኒው ዮርክ ውስጥ የመጨረሻ ዘፈኖቹን ሲያስቀርጽ፣ በየመካከሉ አልጋ ላይ እየተጋደመ ያርፍ ነበር። ሥራውን በጨረሰ በሁለተኛው ቀን በ35 ዓመቱ ሞተ።

ከዚህ በኋላ ለእርሱ የተደረጉት መታሰቢያዎች በሦስት ይከፈላሉ።

አንደኛው፣ ስለ ሟቹ የተደረሰ አዲስ ዘፈን ነው። ጂን ኦትሪ በዚያው በ1933፣ ኧርነስት ተብም በ1936 ስለ ሮጀርስ ሞት የሚናገሩ ዘፈኖችን አስቀረጹ። ይህ ሥራ የሙሾ ጠባይ አለው፤ የሚነገረው ኀዘንና ውዳሴ ነው።

ሁለተኛው፣ የሟቹን ዘፈኖች እንደገና መዝፈን ነው። ሌፍቲ ፍሪዜል በ1951፣ ሃንክ ስኖው በ1953፣ መርል ሃጋርድም በ1969 ይህን አድርገዋል። የሃጋርድ ሥራ በሁለት ሸክላ የወጣ ነው። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለ ነበሩ የባቡሩ ዘፈን ለእርሱ እንግዳ አልነበረም።

ሦስተኛው፣ ብዙ ዘፋኞች ተሰብስበው እያንዳንዳቸው አንዳንድ ዘፈን የሚያዋጡበት ነው። ቦብ ዲለን በ1997 ለሮጀርስ ያወጣው ስብስብ የዚህ ዓይነት ነው።

በእነዚህ መካከል የገንዘብም ልዩነት አለ። ስለ ሟቹ አዲስ ዘፈን ሲወጣ የድርሰት ዋጋ የሚከፈለው ለአዲሱ ደራሲ ነው። የሟቹ ድርሰት እንደገና ሲዘፈን ግን መብቱ ጸንቶ እስካለ ድረስ የሚከፈለው ለድርሰቱ ባለመብቶች፣ ማለት ለወራሾችና ለአሳታሚው ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ዓይነት መታሰቢያ ከምስጋና አልፎ ለቤተ ሰብ እንጀራ ሊሆን ይችላል።

ነገር ግን ማክበርና መቅዳት አንድ አይደሉም። የኧርነስት ተብ ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። የሮጀርስ ባለቤት ወይዘሮ ካሪ የባላቸውን ጊታር አዋሱት፤ የመጀመሪያ ሸክላውን እንዲያስቀርጽም ረዱት። እርሱም የሮጀርስን አዘፋፈንና ዮድል ተከትሎ ዘፈነ፤ ሸክላው ግን ብዙ አልተሸጠም። በ1939 ቶንሲሉ በቀዶ ሕክምና ሲወጣለት ዮድል ማዜም አልቻለም። በዚህ ምክንያት በራሱ ድምፅ መዝፈን ግድ ሆነበት፤ በ1941 ባወጣው ዘፈንም በመላው አሜሪካ ታወቀ። ዝናው በራሱ ድምፅ ከመጣ በኋላም መምህሩን ማመስገን አልተወም።

ደግሞም መታሰቢያ የአንዱን ስም ሲያነሣ የሌላውን እንዳይሸፍን መጠንቀቅ ይገባል። ከሮጀርስ ዘፈኖች ብዙዎቹን የደረሰችው ወይም አብራው የደረሰችው የባለቤቱ እኅት ኤልሲ ማክዊሊያምስ ነበረች፤ በአንዳንዶቹ ላይ ግን ስሟ አልተጻፈም። በ1930 ሮጀርስ ባስቀረጸው በአንድ ዘፈን ላይ መለከት የነፋው ታላቁ ጥቁር ሙዚቀኛ ሉዊ አርምስትሮንግ ሲሆን፣ የእርሱም ስም በሸክላው ላይ አልወጣም። ሐዲድ ላይ ብሉዝ ያስተማሩት ሠራተኞች ስም ደግሞ ከነጭራሹ አይታወቅም።

ከመታሰቢያዎቹ ሁሉ የሚያስደንቀው በጎረቤታችን በኬንያ የተገኘው ነው። በ1950 ሂዩ ትሬሲ የተባለ የሙዚቃ መርማሪ የኪፕሲጊስን ሕዝብ ዘፈን ሲቀርጽ፣ ልጃገረዶች «ቼሚሮቻ» እያሉ ስለ አንድ ፍጡር ሲዘፍኑ ሰማ። ፍጡሩ ግማሹ ሰው፣ ግማሹ ድኩላ የሚመስል ነው። ስሙ በሸክላ ከተሰማው ከጂሚ ሮጀርስ ስም የመጣ መሆኑ ተነግሯል። ልጃገረዶቹ ሰውየውን አላዩትም፤ ሆኖም በራሳቸው ቋንቋና በራሳቸው ዜማ ዘፈኑለት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ መልካም መታሰቢያ ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ሟቹን በእውነት ማወቅ፣ በራስ ድምፅ መናገር፣ የረዱትንም አለመዘንጋት። በትምህርት ቤታችን ዘፈን የምንወድ ተማሪዎች ብዙ ነን። የምንወደውን ዘፋኝ አስመስለን ከመዝፈናችን በፊት ግጥሙን ማን ጻፈው፣ ዜማውን ማን አወጣው፣ መሣሪያውንስ ማን ተጫወተው ብለን እንጠይቅ። የሦስቱንም ስም ከዘፋኙ ስም ጋር አብረን ብናነሣ ዕዳችንን በጥቂቱ እንከፍላለን።