በጠባብ ልዩነት ለሚመጣ ሽንፈት ኳርተርባክ ምን ያህል ተጠያቂ ነው?



የዛሬው ንግግሬ ርእስ ከአሜሪካ ፉትቦል የተወሰደ ነው። ጥያቄው ግን ስፖርቱን ለማይከታተልም ሰው እንግዳ አይሆንም። ብዙ ሰዎች ተባብረው የሠሩት ሥራ ለጥቂት ሲከሽፍ ጥፋቱን በማን ላይ፣ በምንስ መለኪያ ማሳረፍ ይገባል?

አስቀድሜ ስለ ጨዋታው ጥቂት ላስረዳ። እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ጊዜ 11 ተጫዋቾችን ያሰልፋል። የሚያጠቃውና የሚከላከለው ክፍል ግን የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ ኳስ በእግር የሚመታውም ለብቻው የተመደበ ባለሙያ ነው። ኳርተርባክ የአጥቂው ክፍል መሪ ሲሆን፣ ኳሱን ተቀብሎ ለሯጭ ያስረክባል ወይም ወደ ፊት ይወረውራል። ቡድኑ በሚከላከልበት ጊዜ ከሜዳው ዳር ሆኖ ከመመልከት በቀር የሚሠራው የለም። ይህም ሆኖ የቡድኑን ድልና ሽንፈት በኳርተርባኩ ስም መመዝገብ የተለመደ ነው። አንድ ተችዳውን 6 ነጥብ ያስገኛል፤ ከእርሱ በኋላ በሚደረግ ሙከራ እስከ 2 ነጥብ ሊጨመር ይችላል። ስለዚህ በ8 ነጥብ ወይም ከዚያ ባነሰ ልዩነት ያለቀ ጨዋታ በአንድ ጥቃት ሊቀለበስ ይችል የነበረ ነው። «ጠባብ ልዩነት» ስል ይህንኑ ማለቴ ነው።

የመጀመሪያው ስሕተት ውሳኔን በውጤቱ ብቻ መመዘን ነው። የካቲት 1 ቀን 2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተደረገው ሱፐር ቦውል ሲያትል ሲሆክስ በኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ 28 ለ24 ተሸነፈ። ጨዋታው ሊያበቃ 26 ሰከንድ ሲቀረው ሲያትል ከግቡ መስመር በ1 ያርድ ርቀት ላይ ነበር። ራስል ዊልሰን የወረወረውን ኳስ ማልኮም በትለር የተባለ ጀማሪ ተከላካይ ቀድሞ ቀለበው። «ስለ ምን ለጉልበተኛው ሯጭ ለማርሾን ሊንች አልሰጠውም?» የሚለው ቁጣ እስከ ዛሬ አልበረደም። ይሁን እንጂ ኳሱ እንዲወረወር ያዘዘው የአሠልጣኞቹ ወገን ነበር፤ ዋናው አሠልጣኝ ፒት ካሮልም ኃላፊነቱን ራሱ ወስዷል። ትእዛዙም ምክንያት ነበረው። ያልተያዘ ውርወራ ሰዓቱን ስለሚያቆም ለሌላ ሙከራ ጊዜ ያተርፋል። የተከለከለ ሩጫ ግን ሰዓቱን ያስኬዳል፤ ሲያትል ደግሞ ጨዋታ ለማስቆም የቀረው ዕድል አንድ ብቻ ነበር። ዊልሰን የሚጠየቀው ለውርወራው አቅጣጫና ፍጥነት ነው፤ ይህም ድርሻ ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሲያትል አራተኛውን ሩብ የጀመረው 24 ለ14 እየመራ ነበር። በዚያ ሩብ የተቆጠሩትን 14 ነጥቦች ያሳለፈው የመከላከሉ ክፍል ሲሆን፣ ዊልሰን በዚያ ጊዜ ሜዳ ውስጥ አልነበረም።

ሁለተኛው ስሕተት የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አኀዙ ያማረለትን ኳርተርባክ ከነጭራሹ ነጻ ማውጣት። በ2017ቱ ሱፐር ቦውል አትላንታ ፋልከንስ 28 ለ3 ከመራ በኋላ በጭማሪ ሰዓት 34 ለ28 ተሸነፈ። ማት ራያን ከ23 ውርወራ 17ቱ ተይዘውለታል፤ ሁለቱ ተችዳውን ሆነዋል፤ በተጋጣሚ የተቀለበ አንድም የለም። በጭማሪው ሰዓት ኳስ ሳይነካ ተሸነፈ። በዚህ መዝገብ ብቻ ብንፈርድ ተጠያቂነት አይኖረውም። ሆኖም በአራተኛው ሩብ፣ ውጤቱ 28 ለ12 ሳለ፣ ከእጁ ኳስ አስጥለውታል። ጨዋታው ሊያልቅ 4 ደቂቃ ያህል ሲቀር ደግሞ አትላንታ 28 ለ20 እየመራ፣ በእግር መትቶ 3 ነጥብ ለማግኘት ከሚያስችል ቅርብ ስፍራ ደርሶ ነበር። ራያን ኳሱን ይዞ ሲዘገይ ተይዞ 12 ያርድ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ቀጥሎም በቡድኑ ላይ ቅጣት ተጨመረና ዕድሉ አመለጠ። በዚያ ቅጽበት ኳሱን ወደ ውጭ መጣል ይችል ነበርና ጥፋቱ በከፊል የእርሱ ነው። በከፊል የምለውም፣ በመጀመሪያው ክሥተት አጥቂውን መግታት የነበረበት ሯጭ ስላልገታው፣ በሁለተኛው ደግሞ ከመሮጥ ይልቅ መወርወርን የመረጡት አሠልጣኞች ስለሆኑ ነው።

ሦስተኛው ነገር በኳርተርባኩ እጅ ጨርሶ የሌለው ነው። በጥር 1991 የበፋሎ ቢልስ ኳርተርባክ ጂም ኬሊ ቡድኑን ወደ ግቡ አቅርቦ ከ47 ያርድ የሚመታ ኳስ አመቻቸ። ስኮት ኖርዉድ የመታው ኳስ በስተቀኝ በኩል ወጣና በፋሎ 20 ለ19 ተሸነፈ። በጥር 2022 ደግሞ የዚያው ቡድን ኳርተርባክ ጆሽ አለን አራት የተችዳውን ውርወራ አስመዝግቦ፣ 13 ሰከንድ ሲቀር ቡድኑ 36 ለ33 ይመራ ነበር። ካንሳስ ሲቲ በቀረችው ጊዜ አቻ ሆነ፤ የሳንቲሙም ዕጣ ለእርሱ ወጣለት፤ በመጀመሪያው ጥቃት ተችዳውን አስቆጥሮ ጨዋታውን ጨረሰ። አለን በጭማሪው ሰዓት ኳስ አልደረሰውም። ሊጉ ራሱ በዚያው ዓመት ደንቡን ለውጦ፣ በጥሎ ማለፍ ጨዋታዎች ሁለቱም ቡድኖች ቢያንስ አንድ አንድ ጊዜ ኳስ እንዲያገኙ ወስኗል።

ከነጠላ ጨዋታ ወደ ሙሉ ዘመን ስንሸጋገር ማስረጃው ይጠነክራል። በ2022 የውድድር ዘመን ሚኒሶታ ቫይኪንግስ በኳርተርባኩ በከርክ ከዝንስ እየተመራ 13 ጊዜ አሸንፎ 4 ጊዜ ተሸነፈ። በጠባብ ልዩነት ያለቁትን 11 ጨዋታዎች በሙሉ አሸነፈ። በዚያው ዘመን ግን ያስቆጠረው 424፣ የተቆጠረበት 427 ነጥብ ነበር። ብዙዎች «ከዝንስ በጭንቅ ሰዓት መርጋትን ተማረ» አሉ። በ2023 ያው ኳርተርባክና ያው አሠልጣኝ ሳሉ ቡድኑ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች 20 ለ17፣ 34 ለ28 እና 28 ለ24 ተሸነፈ። ሦስቱም ጠባብ ነበሩ። ሰውዬው በጥቂት ወራት ውስጥ ጀግንነቱን ጥሎ ፈሪ ሆነ ማለት አያሳምንም። ይልቁንስ በጠባብ ጨዋታ ማሸነፍና መሸነፍ በአብዛኛው ከዓመት ዓመት የማይዘልቅ፣ ዕድል የበዛበት ነገር መሆኑን መቀበል ይቀላል። የአንድ ኳርተርባክ ችሎታ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በጨዋታው ሙሉ ርዝመት ነው፤ የላቀው ኳርተርባክ ቡድኑን ከጠባብ ፍጻሜ አስቀድሞ ያወጣዋልና።

እንግዲህ «ምን ያህል?» ለሚለው ጥያቄ በመቶኛ የሚነገር መልስ የለኝም። ሦስት መጠይቆችን ግን አቀርባለሁ። ውሳኔው የማን ነበር? በዚያች ቅጽበት የሚታይ የተሻለ አማራጭ ነበረው? ጥፋቱ በሌሎች ጨዋታዎችም ይደጋገማል? ሦስቱም ወደ ኳርተርባኩ ሲያመለክቱ ወቀሳው ተገቢ ነው፤ እንዲያውም በመጨረሻው ደቂቃ ላይ ሳይወሰን ቀደም ብለው ለባከኑ ጥቃቶችም ይደርሳል። ሦስቱም ወደ ሌላ ሲያመለክቱ ግን ወቀሳችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት ይሆናል። የተበላሸውን የመከላከል ክፍል መመርመር አድካሚ ነው፤ ካሜራው የሚከተለውን ሰው መውቀስ ግን ቀላል ነው።

ይህ ፍርድ መዘዝ አለው። ሽንፈቱን በተሳሳተ ሰው ላይ ያሳረፈ ቡድን ኳርተርባኩን አሰናብቶ ድካሙን እንደ ያዘ ይቀጥላል። ውሳኔን በውጤቱ ብቻ የሚመዝን ማኅበረሰብም መሪዎቹን ትክክለኛውን ሳይሆን የማያስወቅሰውን እንዲመርጡ ያስተምራቸዋል። ነገ የሌሎችን ሥራ የምትመዝኑ ተማሪዎች፣ ውጤቱን ከማየታችሁ በፊት ውሳኔው በተሰጠበት ሰዓት ምን ይታወቅ እንደ ነበር ጠይቁ።