ከሰብሳቢው እጅ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መዘክር



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የአዋሽን ሸለቆ በመከተል ወደ ጅቡቲ የሚወርድ መንገደኛ ሚሌን ካለፈ በኋላ ሎጊያ ይደርሳል። ብዙው ሰው ሎጊያን የሚያውቃት የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያርፉባት፣ ሙቀቷም የሚያስመርር ከተማ አድርጎ ነው። ነገር ግን በሚሌና በሎጊያ ወንዞች ስም የሚጠራ የምርምር ስፍራ በአቅራቢያዋ ይገኛል፤ በዚያም ዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የሚመሩት የሊቃውንት ጓድ የጥንት አጥንት ይፈልጋል። ድንቅነሽ የተገኘችበት ሐዳርም ከሎጊያ በስተ ደቡብ ምዕራብ በዚያው በአፋር ምድር ነው።

ዛሬ የተነሣሁት ስለ አጥንት ለማውራት አይደለም። በግል ሰዎች እጅ የነበሩ መስቀሎች፣ ሥዕሎችና የብራና መጻሕፍት በምን መንገድ ወደ ኰሌጅና ወደ ዩኒቨርሲቲ እንደ ገቡ ጥቂት ቃል ለማለት ነው። ከሎጊያ መጀመሬ ግን ያለ ምክንያት አይደለም።

ድንቅነሽ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ. ም. በተገኘች ጊዜ ሊቃውንቱ ስብርባሪዎቹ የወደቁበትን ስፍራና የመጡበትን የአፈር ንብርብር ለይተው መዘገቡ። ዕድሜዋ ወደ 3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑ የታወቀውም በንብርብሩ መካከል ካለው የእሳተ ገሞራ ዐመድ ነው እንጂ ከአጥንቷ ብቻ አይደለም። አንድ መንገደኛ አጥንቷን አንሥቶ በኪሱ ይዞ ቢሄድ ኖሮ፤ ቁጥርና ቀን እንደሌለው ደብዳቤ በሆነች ነበር። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይነበባል፤ ከየትኛው ጉዳይ ጋር እንደሚያያዝ ግን የሚያውቅ የለም። ይህንስ በመዝገብ ቤት የሠራችሁ ሁሉ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ።

መስቀሉና ብራናው የሄዱበት መንገድ ከዚህ የተለየ ነበር። የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ብሩስ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1770 ጎንደር ገብቶ፤ ወደ አገሩ ሲመለስ ብዙ የግዕዝ መጻሕፍት ይዞ ሄደ። ከእነዚህም መካከል መጽሐፈ ሄኖክ ይገኝ ነበር። እርሱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ፤ በ1843፤ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ስብስቡን ገዛ። በአሜሪካም ሮበርት ጋሬት የተባሉ ባለጸጋ በገንዘባቸው ያሰባሰቧቸውን እጅግ ብዙ የእጅ ጽሑፎች በ1942 ለተማሩበት ለፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ሰጡ፤ የኢትዮጵያ መጻሕፍትም አብረው ገቡ። የሁለቱም ነገር ተመሳሳይ ነው፦ ሰብሳቢው በሕይወት ሳለ ይደሰትበታል፤ ከዚያም ዕቃው ይሸጣል ወይም በስጦታ ይተላለፋል፤ በመጨረሻም ተማሪና መምህር ይመረምረዋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኰሌጅ በ1943 ዓ. ም. ሲቋቋም የቤተ መጻሕፍቱ ኀላፊ የፖላንዱ ተወላጅ ስታኒስላው ሆይናትስኪ ነበሩ። እኒህ ሰው ከኰሌጁ ተማሪዎች ማኅበር ጋር ሆነው የየብሔረሰቡን የቤት ዕቃ፣ ልብስና መሣሪያ፣ መስቀልና ሥዕል ያሰባስቡ ጀመር። መጀመሪያ በኰሌጁ ውስጥ የተቀመጠ ጥቂት ዕቃ ነበረ። በኋላ ግን ግርማዊ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ የገነተ ልዑልን ቤተ መንግሥት ለትምህርት ለቀቁ፤ ዩኒቨርሲቲውም ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ. ም. ተመረቀ። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1963 የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም በሪቻርድ ፓንክረስት ዲሬክተርነት ሲቆም፤ ስብስቡ የተቋሙ ቤተ መዘክር ሆነ። ዛሬ ወደዚያ የሚገባ ጎብኚ የንጉሠ ነገሥቱን መኝታ ቤት አይቶ፤ እልፍ ሲል የገበሬን ሞፈርና የጥንት ሥዕሎችን ያገኛል። እኔን ይህ አቀማመጥ ደስ ያሰኘኛል።

ዕቃዎቹ ሁሉ ግን በተማሪ እጅ ከገጠር አልመጡም። ብዙዎቹን የሸጡት ነጋዴዎች ናቸው። ነጋዴ ደግሞ ዕቃውን ከየት እንዳመጣው ለመናገር አይቸኩልም፤ ከደብር በሌሊት የወጣ ሥዕል ከሆነማ ጨርሶ አይናገርም። እንዲያውም ስለ ዋጋው ብሎ ሌላ ታሪክ ይፈጥርለታል። ታዲያ መግዛቱ ያስነቅፋልን? ይህ ጥያቄ ቀላል አይደለም። ኰሌጁ ባይገዛው በአገር ጎብኚ ሻንጣ ገብቶ ይሄዳል፤ ቢገዛው ደግሞ ሻጩን ለሌላ ጊዜ ያደፋፍረዋል። ጥንታዊ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ የሚከለክለው ዐዋጅ የታወጀው በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ነውና፤ ከዚያ አስቀድሞ ገዝቶ ማስቀረት ዋናው መከላከያ ነበር። በእኔ አስተያየት መግዛታቸው ትክክል ነበር፤ የከፈልንለት ዋጋ ግን ገንዘቡ ብቻ አይደለም።

ይኸውም እንዲህ ነው። ሥዕሉ የመጣበት ደብር ካልታወቀ፤ ሊቃውንት ዕድሜውን ከአሣሣሉ መፈለግ አለባቸው። የፊቱን አቀራረጽ፣ የልብሱን እጥፋት፣ የቀለሙን ዐይነት ዘመኑ ከታወቀ ሥዕል ጋር ያነጻጽራሉ። ከዚህም የተነሣ «የመጀመሪያው የጎንደር አሣሣል»፣ «የሁለተኛው የጎንደር አሣሣል» ይባላል። ሆይናትስኪ በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ደክመው፤ የተቋሙን ሥዕሎች ዝርዝር ከካሮላይን ጎሴጅ ጋር በ2000 በመጽሐፍ አሳተሙ። ሆኖም ማን አሣለው፣ በየትኛው መቅደስ ተሰቀለ፣ ስለ ማን ነፍስ ተሰጠ የሚለውን ከቀለሙ ማንበብ አይቻልም። አፈሩን እንዳጣ አጥንት ነው።

አሁን የሚሠራው የቅርስ ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮና በምርምር የተገኘውን የመንግሥት ያደርገዋል፤ በግለሰብ እጅ ያለውም ቅርስ እንዲመዘገብ ያዛል። በብዙዎቻችሁ ቤት፤ በሣጥን ሥር በነጠላ የተጠቀለለ የአያት መስቀል ወይም ዳዊት ይኖር ይሆናል። ምናልባት ከየትኛው ደብር እንደ መጣና ማን እንዳጻፈው የሚያውቁት አሮጊቷ አክስታችሁ ብቻ ናቸው። የሚነግሯችሁን በወረቀት ጽፋችሁ፤ ቀኑንና ስማቸውን ጨምራችሁ ከዕቃው ጋር ለማስቀመጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።