የከፍተኛ ትምህርት ወጪ በማን ጫንቃ ላይ ይሁን

ትምህርት ለአገር ጥቅም መሆኑን የሚክድ ሰው የለም። ነገር ግን ትምህርት ቤት የሚሠራው፥ መምህር የሚቀጠረውና ተማሪ የሚመገበው በገንዘብ ነውና፥ ገንዘቡ ከማን እጅ ይውጣ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ትምህርትን ማመስገን ብቻ ለተማሪው እንጀራ አይሆነውም።

ይህን ነገር ለመመርመር የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል የተመቸ ስፍራ ነው። በመገናኛ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ሰው እርስ በርሳቸው ብዙ ሳይራራቁ ሦስት ዓይነት የትምህርት ደጆችን ያገኛል። አንደኛው በኮተቤ ያለው የመምህራን ማሠልጠኛ ነው፤ ይኸውም ዛሬ ኮተቤ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነው። ሁለተኛው በ1987 ዓ.ም. ለክልል መንግሥታት ሠራተኞችን እንዲያሠለጥን የተቋቋመው ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሦስተኛው በቦሌ፥ ገርጂ ያለው ዩኒቲ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ይህም በ1980ዎቹ መጀመሪያ በትንሽ ትምህርት ቤትነት ተጀምሮ፥ ከግል ተቋማት መካከል በቀዳሚነት የዩኒቨርሲቲነትን ስም ያገኘ ነው።

እነዚህ ሦስት ደጆች የሚከፈቱት በሦስት ልዩ ልዩ ቁልፎች ነው። ለመምህርነት የሚማር ሰው ዕዳውን በማስተማር አገልግሎት እንዲከፍል ሕግ ይፈቅድለታል። የመንግሥት ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ ይልከዋል፤ ተምሮም ወደ ሥራው ይመለሳል። በግል ተቋም የሚማር ግን በየጊዜው የሚከፍለው ከራሱ ወይም ከወላጁ ኪስ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ቁልፎች በጉልበትና በታማኝነት የሚገኙ ሲሆኑ፥ ሦስተኛው ገንዘብ ላለው ብቻ የሚገኝ ነው። ስለዚህ ተመዝኖ ሊታሰብበት የሚገባው ነገር፥ ብልህ ሆኖ ሳለ ኪሱ ባዶ የሆነው ልጅ በየትኛው ደጅ ይግባ የሚለው ነው።

የኢትዮጵያ ሊቃውንት ይህን ጥያቄ አስቀድመው መልሰውታል። የቆሎ ተማሪ ዳባውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን ይዞ ከቤቱ ሲወጣ፥ ለመምህሩ የሚከፍለው ገንዘብ አልነበረውም። የሚመግበው መንደሩ ነበር፤ ደብሩና ገዳሙም ከርስታቸውና ከጉልታቸው መምህሩን ይረዱ ነበር። ተማሪው ዜማውን፥ ቅኔውንና መጻሕፍቱን ጨርሶ ካህን ወይም መምህር በሆነ ጊዜ ብድሩን በአገልግሎት ይመልሳል። ያበላው መንደር አንድ ቢሆንም፥ ያገለገለው አገር ግን ብዙ ነበር። ከዚህ ሥርዓት የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ተማሪ የሚከፍለው ከተማረ በኋላ ነው እንጂ ሳይማር አይደለም።

ዘመናዊው ከፍተኛ ትምህርት ሲጀመርም ነገሩ ከዚህ አልራቀም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ሲጀምር ተማሪዎቹ ምግብና መኝታ ሳይቀር በመንግሥት ወጪ ያገኙ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሲመሠረት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ቤትነት ሰጡ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ተማሪዎች አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ወጥተው እንዲያገለግሉ ተደረገ። በዚያ ጊዜ ተማሪዎቹ ጥቂት ስለ ነበሩ ግምጃ ቤቱ ሊሸከማቸው ቻለ። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሲሆኑ፥ የዚያን ጊዜው ልማድ ብቻውን አይበቃም።

ስለዚህ በ1995 ዓ.ም. የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 351 እና የወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 ወጡ። በደንቡ መሠረት ተመራቂው የምግብና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፥ የትምህርቱንም ወጪ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲጋራ ተወሰነ። ሥራ ከያዘም በኋላ ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየከፈለ፥ ቢበዛ በ15 ዓመት ዕዳውን እንዲጨርስ ተደነገገ። ይህ አሳብ በባሕር ማዶም የታወቀ ነው፤ የአውስትራሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ሥርዓት ተመራቂው ገቢው ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ብቻ በግብር መሥሪያ ቤት በኩል ይከፍላል።

የሕጉ አሳብ ከቆሎ ተማሪው ሥርዓት ጋራ ይስማማል። አፈጻጸሙ ግን ሦስት ነገሮችን ይፈልጋል። አንደኛ፥ ደመወዙ በመዝገብ የሚታወቅ ሰው ዕዳው በየወሩ ሲቆረጥበት፥ በንግድ ወይም በግል ሥራ የሚኖረው እንዳይረሳ መዝገቡ የተሟላ መሆን አለበት። ካልሆነ ሸክሙ በታማኙ ላይ ብቻ ይወድቃል። ሁለተኛ፥ የተማሪ የቀን ምግብ በጀት 22 ብር ከነበረበት በ2017 ዓ.ም. ወደ 100 ብር ከፍ ተደርጓል። ምግብ በሙሉ በተማሪው ሒሳብ የሚጻፍ ከሆነ ዕዳውም በዚያው መጠን መክበዱ አይቀርም። ስለዚህ ደመወዙ ከዕለት ጉርሱ የማያልፍ ወጣት መክፈል የሚጀምርበት የገቢ ልክ እንዲወሰንለት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፥ የተሰበሰበው ዕዳ ራሱን በቻለ ሣጥን ተቀምጦ ለሚቀጥለው ችግረኛ ተማሪ ስንቅ ቢሆን፥ ከፋዩም የከፈለበትን ምክንያት በዓይኑ ያያል።

ከመንግሥትም ሌላ ረዳት አለ። በቦሌና በአካባቢው ታላላቅ ሕንፃዎች ተሠርተዋል፤ ብዙ አድባራትም የሚከራይ ሕንፃ እየሠሩ ገቢ ያገኛሉ። አንድ ባለጸጋ የአንድ ሱቅ ኪራይ፥ አንድ ደብርም የአንድ ክፍል ኪራይ ለተማሪ መርጃ እንዲሆን በውል ቢሰጥ፥ የቀድሞው የጉልት ሥርዓት በአዲስ መልክ ይመለሳል። የግል ተቋማትም ከየክፍሉ ጥቂት ቦታ ለችግረኛና ለጎበዝ ተማሪ ያለ ክፍያ ቢለቁ ስማቸው ይከበራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ተብሎ የለምን?

ይህ ነገር ለነገ የሚባል አይደለም። በ2015 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በቀዳሚነት ራስ ገዝ ሆኗል፤ ሌሎችም እንዲከተሉት ታስቧል። ራሱን የሚያስተዳድር ተቋም ገቢውንም ራሱ መፈለጉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ገቢ ፍለጋው ሁሉ በተማሪው ኪስ ላይ ካረፈ፥ ከሦስቱ ደጆች ገንዘብ የሚከፍተው ብቻ ይቀርና የሌሎቹ መዝጊያ ይዘጋል። ባለሥልጣኑ ደንቡን ሲያረቅ፥ ካህኑም የደብሩን ሒሳብ ሲመረምር፥ ከአርሶ አደር ቤት በአንድ ጋቢ የመጣውን ልጅ ሊያስቡት ይገባል። ነገ የሚያክማቸው ሐኪም፥ ልጆቻቸውንም የሚያስተምረው መምህር እርሱ ሊሆን ይችላልና።